ሁለተኛውን ጥራዝ ፍለጋ

ደባርቅ ጋራዥ ተቀጥሬ የገባሁ ዕለት መፍቻ አልያዝኩም።

ደርግ ወድቆ ጦሩ ሲበተን፣ ከተሽከርካሪ ጥገና ክፍል ወደ አገሬ የተመለስኩ ሰው ነበርኩ። ሞተር አውርጄ እንደምሰቅል፣ ካምቢዮ ፈትቼ እንደምገጥም፣ የናፍጣ ፖምፓ እንደማስተካክል ለጋራዡ ባለቤት ለጋሽ ይርጋ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ጋሽ ይርጋ አጠር ያሉ፣ ትከሻቸው የሰፋ፣ በጋ ከክረምት ካፖርታቸውን የማያወልቁ ሰው ነበሩ። ሰምተው ሲያበቁ «በል እጅህን ታጠብ» አሉኝ።

«እጄ ንጹሕ ነው ጋሼ።»

«የመካኒክ እጅ ንጹሕ ነው ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ታጠብ፣ በሳሙና።»

ታጠብኩ። ከጓዳ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ወጡና ጠረጴዛው ላይ ፈቱት። እንደ ትሪ የሰፋ መጽሐፍ ነው። ጽሑፉ ጥቂት ነው፤ የቀረው ገጽ በገጽ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ነው፣ የጭነት መኪናና የተራራ መንገድ። አንዱን ገጽ ገለጡና ዳገት መካከል የቆመ ትሬንታ ኳትሮ አሳዩኝ። ትሬንታ ኳትሮ በጣሊያን ጊዜ የመጣው አፍንጫ ረጅሙ የጭነት መኪና ነው።

«ይህ መኪና ምን ሆኗል?»

«ቆሟል።»

«መቆሙንማ አህያም ታየዋለች። ምን ሆኖ ቆመ?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጭነቱ እኩል ነው፤ መንገዱም ወደ ጎን አላዘነበለም። የኋላው ግራ ጎን ግን ከቀኙ ዝቅ ብሏል። «ባሌስትራው ተሰብሯል» አልኩ፤ የመኪናውን ክብደት የሚሸከመውን ንብርብር ብረት ማለቴ ነው።

ጋሽ ይርጋ መጽሐፉን መልሰው ጠቀለሉ። «ነገ ቱታህን ይዘህ ና» አሉኝ። የቅጥር ፈተናዬ ይኸው ነበር።

ጋራዡ ውስጥ አንድ ጎሚስታ፣ አንድ በያጅና አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበሩ። ሞተርና ከሞተር በታች ያለው ሁሉ የጋሽ ይርጋና የእኔ ሆነ። ሥራ የሚያመጣልን ሊማሊሞ ነው፤ ከደባርቅ ወጣ ብሎ ከወልቀፊት ተነስቶ ገደሉን እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማና አዲ አርቃይ የሚወርደው መንገድ። ሽቅብ የመጣ መኪና ራዲያተሩ ፈልቶ ይደርሳል፤ ቁልቁል የሚሄድ ፍሬኑን ሊያስፈትሽ ይቆማል። ጉም በወረደ ቀን ሾፌሮች መውረዱን ትተው እኛ ዘንድ ይቀመጣሉ። ያን ጊዜ ጋሽ ይርጋ መጽሐፉን ያወጣሉ። «የቱ ጎማ ነው የተበላው? ይህኛውስ ለምን ወደ ግራ ይስባል?» እያሉ ይጠይቃሉ። ሾፌሩ ሁሉ እጁን ታጥቦ ይሰለፋል። መኪና መፍታትን ከጦሩ ባገኝም፣ መኪናን ቆሞ መመልከትን የተማርኩት ከዚያ መጽሐፍ ነው።

አንድ ቀን የመጨረሻው ገጽ ላይ በእጅ የተጻፈ ቁጥርና ፊርማ አየሁ። የስልክ ቁጥር መስሎኝ ጠየቅኳቸው።

«የመጽሐፉ ተራ ቁጥር ነው» አሉ። «የታተመው ጥቂት ነው። እያንዳንዱን ፎቶ አንሺው ራሱ ቁጥር ሰጥቶ ፈርሞበታል። ካለቀ አይደገምም። ይህ ደግሞ አንደኛው ጥራዝ ነው።»

«ሁለተኛውስ?»

«ሁለተኛው ውስጥ እኔ አለሁ።»

ታሪኩን ያን ዕለት ነገሩኝ። በጉብዝናቸው ዘመን ከአስመራ ጎንደር በሚመላለስ ትሬንታ ኳትሮ ላይ ረዳት ነበሩ። አንድ ጊዜ ወልቀፊት ላይ መኪናው ቆሞባቸው ሲሠሩ፣ ባለሦስት እግር ካሜራ የተሸከመ ጣሊያናዊ ፎቶ አንሺ ይደርሳል። ጋሽ ይርጋ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ አንድ እግራቸውን የመኪናው የፊት መከላከያ ላይ አድርገው ፎቶ ተነሱ። ከዓመታት በኋላ ጎንደር ውስጥ ለአንድ ጣሊያናዊ መካኒክ ሲሠሩ፣ ሰውየው ወደ አገሩ ሊሄድ ሲል አንደኛውን ጥራዝ ሰጣቸው። «የነገርከኝ የወልቀፊቱ ፎቶ ሁለተኛው ላይ አለ፤ ግን አውሼው አልተመለሰልኝም» አላቸው። ጋሽ ይርጋ ራሳቸው መጽሐፉን በዓይናቸው አላዩትም።

ደባርቅ ይህን ወሬ አላመነችም። ጠጅ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ማስረጃ የሌለው ነገር ሲያወራ «ይኼስ የጋሽ ይርጋ ፎቶ ነው» ይሉታል። ጋሽ ይርጋ አብረው ይስቁ ነበር። ሳቃቸው ግን አጭር ነበር።

እኔ ሁለተኛውን ጥራዝ መፈለግ የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው። የሽሬን መስመር ለሚሠሩ ሾፌሮች አደራ አልኳቸው። አስመራ ድረስ የሚሄዱም ነበሩ፤ በኋላ መንገዱ ተዘጋ እንጂ። «ሰፊ ነው፣ የመኪና ፎቶ አለበት፣ መጨረሻው ላይ በእጅ የተጻፈ ቁጥር ይኖረዋል» እላቸዋለሁ። እነሱም የመኪና ስዕል ያለበትን ሁሉ ይዘውልኝ ይመጣሉ። አንዱ የእሽቅድምድም መኪና መጽሐፍ አመጣ፤ አንዱ የድሮ አውቶቡሶች፤ አንዱ በበረሃ የተነሱ የወታደር ጂፖች። ከእነዚህ መካከል ቁጥር ያለባቸው ተገኙ። የምፈልገው ሳይመጣ የማልፈልገው እየመጣ፣ ሳላስበው መጽሐፍ ሰብሳቢ ሆንኩ።

ሙያው የራሱ ጥንቃቄ አለው። መጽሐፍ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምቆጥረው ገጹን ነው። ጥሩ ፎቶ ያለበት ገጽ ተቆርጦ የአንድ ሰው ግድግዳ ላይ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ቁጥሩንና ፊርማውን አያለሁ፤ በቀለም የተጻፈ ነው ወይስ አብሮ የታተመ ነው? አብሮ የታተመ ከሆነ ብርቅነቱ ይቀንሳል። ቀጥሎ አሸተዋለሁ። ሻጋታ ከዓይን በፊት በአፍንጫ ይታወቃል። ደባርቅ እርጥበቷ ክፉ ነው፤ አይጧም አትተናነስም። ስለዚህ መጽሐፎቹን በቆርቆሮ ሳጥን፣ ሳጥኑን በቆጥ ላይ አስቀመጥኩ፤ ናፍታሊን ጨመርኩበት።

ባለቤቴ ዘውዲቱ ቆጡን አይታ «ሲሳይ፣ ይህ የገብሱ ቦታ ነበር» አለችኝ።

«ገብሱ ወደዚያ ጠጋ ይበል።»

«ገብሱን እንበላዋለን። ይህን ምን እናደርገዋለን?»

ሌላ ቆጥ ሠራሁላት።

አንድ በጋ ከጀርመን በመኪና አፍሪካን የሚዞሩ ባልና ሚስት ሊማሊሞ ላይ ባሌስትራቸው ተሰብሮ በሌላ መኪና ተጎትተው መጡ። ሚስትየዋ ሄልጋ ትባላለች። የመኪናው መለዋወጫ አዲስ አበባም አልነበረም። ከአሮጌ የጭነት መኪና ባሌስትራ ቆርጠን፣ አግለን፣ ቀጥቅጠን ልኩን አወጣንለት። ይህን ስናደርግ ሄልጋ ካሜራዋን ከፊቷ አላነሳችም። ጋሽ ይርጋ በመዶሻ ይመታሉ፤ እኔ በጉጠት እይዛለሁ፤ እሷ መሬት ላይ ተኝታ ታነሳናለች።

ሥራው ካለቀ በኋላ ጋሽ ይርጋ መጽሐፋቸውን አሳዩዋት። ሄልጋ ገጹን አንድ በአንድ ስትገልጥ ቆየችና፣ አብሯቸው ለመጣው ሙላት ለሚባል አስጎብኚ አንድ ነገር ነገረችው።

«እሷም የዚህ ዓይነት መጽሐፍ ነው የምትሠራው» ሲል ሙላት ተረጎመልን። «መኪናና መካኒክ ብቻ ነው የማነሳው፣ ጥቂት ቅጂ አሳትሜ አቆማለሁ ትላለች። ሁለተኛውን ጥራዝ በወሬ ታውቀዋለች፤ አይታው ግን አታውቅም።»

እንግዳ ሲሄድ ወሬው አብሮ ይሄዳል ብለን ተውነው። ሄልጋ ግን አልረሳችንም። ከዓመት በላይ ቆይቶ አንድ የአስጎብኚ ድርጅት ሾፌር በካርቶን የታሸገ መጽሐፍ አደረሰኝ። ቁጥር አለው፤ ፊርማ አለው፤ ከፊርማው በላይ ስሜ ተጽፏል። መካከሉ ላይ ሁለቱን ገጽ ሞልቶ የእኛ ጋራዥ አለ። እኔ ጉጠቱን ይዤ ፊቴ በፍሙ በርቷል፤ ጋሽ ይርጋ ጀርባቸውን ሰጥተው መዶሻ አንስተዋል። ደስታዬን ለመደበቅ ሞክሬ አልቻልኩም። ዘውዲቱ እንኳ ጎረቤት ጠርታ አሳየች። «ገብሱ ይጠጋ» ያለችው ያን ቀን ነው።

ጋሽ ይርጋም አዩትና «ጀርባዬ ያምራል» አሉ። ከዚያ መጽሐፉን መልሰውልኝ «ፊቴ ያለበት ግን ሁለተኛው ጥራዝ ነው» አሉ።

አንደኛው ጥራዝ ከእጅ ብዛት ጀርባው ተቀደደ፤ ገጾቹ መውለቅ ጀመሩ። ዳባት ውስጥ የብራና መጽሐፍ የሚደጉሱ አንድ መሪጌታ እንዳሉ ሰምቼ በሚኒባስ ወሰድኩላቸው። መሪጌታ መነጽራቸውን አድርገው አገላበጡት።

«ምን መጽሐፍ ነው ልጄ?»

«የመኪና ነው መሪጌታ።»

«ጸሎት የለበትም?»

«የለበትም። ግን ገደሉን ያየ ሰው ሁሉ ‹እግዚኦ› ይላል።»

መሪጌታ ሳቁ። «እሠራዋለሁ። መስቀል ግን አልደጉስበትም። መስቀል የወንጌል ነው።»

«እርስዎ እንዳሉ ይሁን።»

ተመልሼ ስሄድ መጽሐፉ በዋንዛ ገበታ ተገጥሞ፣ ቀይ ቆዳ ለብሶ፣ እንደ ዳዊት ማኅደር ተሰፍቶለት ጠበቀኝ። በገበታው መካከል፣ መስቀል በሚሆንበት ቦታ፣ በጋለ ብረት አንድ መንኮራኩር ተደጉሶበታል። ዙሪያው የሐረግ ጌጥ ነው። አሮጌውን ሽፋን ደግሞ መሪጌታ አልጣሉትም፤ በጨርቅ ጠቅልለው ማኅደሩ ውስጥ ከትተውታል። ጋሽ ይርጋ መንኮራኩሩን በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ዳሰሱት።

ሲዳስሱት ነው ነገሩ የገባኝ። ከዚያ በፊት ቡሎን በእጃቸው ሲለዩ፣ ሰውን በድምፁ ሲያውቁ፣ እኔ የእርጅና ነገር ብዬ አልፌው ነበር። ሁለቱም ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጥቷል። ባለቤታቸው እትዬ በላይነሽ ለብቻዬ ጠርተው አለቀሱብኝ። «ጎንደር የዓይን ሞራ የሚገፍፉ ሐኪሞች አሉ ይላሉ። ጎረቤታችን ሄዶ እያየ ተመለሰ። እሳቸው እንቢ አሉኝ። አንተን ይሰማሉ፤ ንገርልኝ ልጄ።»

ነገርኳቸው። ጋሽ ይርጋ ካፖርታቸውን እያስተካከሉ መለሱልኝ። «ሲሳይ፣ እኔ ቢላ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። የሞተር ማሸጊያ ጓርኒሲዮን ስቆርጥ ነው የኖርኩት። ዓይኔን ለቢላ አልሰጥም። ደግሞስ ምን ልይበት? ሁሉን አይቼዋለሁ።»

ደጋግሜ ብለምናቸውም መልሳቸው ይኸው ሆነ። በኋላ በር ላይ ተቀምጠው ሞተር በጆሯቸው ብቻ እያዳመጡ መዋል ጀመሩ።

ሙላት በዚህ ጊዜ አዲስ አበባ ተዛውሮ ነበር። ደውሎ ያልጠበቅኩትን ወሬ ነገረኝ። አንዲት ወይዘሮ ሰብለ የሚባሉ ሴት አሉ፤ ሟች ባለቤታቸው የመኪና ውድድር ተወዳዳሪ ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ የመኪና ፎቶግራፍ መጽሐፍ ይሰበስባሉ። «ሁለተኛው ጥራዝ አላቸው፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ» አለኝ። «አይሸጡም ግን፤ የሚለውጡት መጽሐፍ በመጽሐፍ ነው።»

የጋሽ ይርጋን አንደኛ ጥራዝ ለማነጻጸሪያ ከእትዬ በላይነሽ አስፈቅጄ፣ ካሉኝ መጽሐፎች የተሻሉትን መርጬ፣ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ለጋሽ ይርጋ የሄድኩበትን አልነገርኳቸውም፤ ባይሳካ ሌላ ሐዘን አልጨምርባቸው ብዬ ነው።

ወይዘሮ ሰብለ ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ናቸው። ቤታቸው አንድ ሙሉ ክፍል መጽሐፍ ነው። ነጭ የጥጥ ጓንት ሰጥተውኝ ራሳቸውም አጠለቁ። መጀመሪያ ያመጣሁትን አንደኛ ጥራዝ ከማኅደሩ አውጥተው መንኮራኩሩን ሲያዩ ተቀመጡ።

«ይህን የሠራው ማን ነው?»

«የዳባት መሪጌታ ናቸው።»

«ሌላ ሰብሳቢ ቢያየው ሽፋኑ ተቀየረ ብሎ ያዝናል» አሉ። «እኔ ግን እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም።» አሮጌው ሽፋን ማኅደሩ ውስጥ መኖሩን ሲያዩ ደግሞ በጣም ደስ አላቸው። የሁለቱን ጥራዞች ቁጥር አስተያዩ። አይገጥምም። «ወንድማማች አይደሉም፤ የአጎት ልጆች ናቸው» ብለው ፈገግ አሉ።

ሁለተኛውን ጥራዝ ለእኔ ትተው ሻይ ሊያፈሉ ሄዱ። ገጽ በገጽ ገለጥኩ። የአስመራ ቁልቁለት፣ የተከዜ ድልድይ፣ አዲ አርቃይ፣ ዛሪማ። ከዚያ ወልቀፊት። ጉም ውስጥ የቆመ ትሬንታ ኳትሮ፣ ኮፋኖው ተከፍቷል። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው የለም። ከፊት ጎማዎቹ መካከል ከመኪናው ሥር የወጡ ሁለት እግሮች ብቻ ይታያሉ። መጽሐፉን ጨርሼ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። መከላከያ ላይ እግሩን ያደረገ ሰው የትም የለም።

ወይዘሮ ሰብለ ሻዩን ይዘው ሲመለሱ መልኬን አይተው ጠየቁኝ። ሁሉን ነገርኳቸው።

«አዝናለሁ» አሉ። «እንግዲህ ምን ይመስልዎታል? አሁንም ይፈልጉታል?»

«ምን ቢለወጥልዎ ይሰጡታል?»

«አንደኛው ጥራዝ ቢሆን ያለ ጥያቄ። ሁለቱ አንድ ቤት መኖር አለባቸው።»

«አንደኛው የእኔ አይደለም፤ የጋሽ ይርጋ ነው።»

ወይዘሮ ሰብለ ያመጣኋቸውን ሌሎች መጽሐፎች አዩ። የሄልጋ መጽሐፍ ላይ ቆሙ። እሱን ለብዙ ጊዜ ሲፈልጉ እንደነበር፣ ሁሉም ቅጂ አልቆ ሰው እጅ መግባቱን ነገሩኝ። ሲገልጡ ጋራዡ ያለበት ገጽ ወጣ። አንዴ ገጹን፣ አንዴ እኔን አዩ።

«ይህ እርስዎ አይደሉም?»

«ነኝ።»

«ስምዎም ተጽፎበታል። ታዲያ ይህን እንዴት ይሰጣሉ?»

እውነቱን ለመናገር ለእኔም ከብዶኝ ነበር። የራሴን ፊት ሰጥቼ የማን መሆኑ ያልታወቀ እግር መውሰድ ነው። ግን ጋሽ ይርጋ ይህን መጽሐፍ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጠብቁት ኖረዋል። ይሁን አይሁን የሚፈርዱት እሳቸው እንጂ እኔ አይደለሁም።

«እኔን ደባርቅ በየቀኑ ታየኛለች» አልኳቸው። «ይውሰዱት።»

ሁለተኛውን ጥራዝ ጋሽ ይርጋ ጭን ላይ ሳስቀምጠው ምን እንደሆነ አልገባቸውም። ስነግራቸው እጃቸውን ከመጽሐፉ ላይ አነሱ። «ታጥቤያለሁ?» ብለው እትዬ በላይነሽን ጠየቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «የቱ ጋ ነኝ?» አሉ።

ልዋሽላቸው እችል ነበር፤ አያዩትም። አልዋሸሁም።

«ጋሼ፣ የወልቀፊቱ ፎቶ አለ። መኪናው አለ፣ ጉሙ አለ። የቆመ ሰው ግን የለም። ከመኪናው ሥር የወጣ እግር ነው ያለው።»

«ቆሜ ነው የተነሳሁት!» ብለው ጮኹ። «ነጭ ሸሚዝ ለብሼ! በላይነሽ፣ አንቺ እዪው!»

እትዬ በላይነሽ አዩት። «እግር ነው» አሉ ቀስ ብለው። ጎሚስታው መጣ፤ እግር ነው አለ። በያጁም እግር ነው አለ። ወሬው ጠጅ ቤት ሲደርስ የባሰ ቀልድ ወጣበት። ጋሽ ይርጋ ቤታቸውን ዘግተው ከረሙ። እኔም ምነው መጽሐፉን ባላመጣሁት ብዬ አዘንኩ።

ከዚያ አንድ ጠዋት በዱላቸው እየመሩ ጋራዥ መጡ። ካፖርታቸው ተቦርሿል።

«ያ የጎንደሩ ዓይን ሐኪም አሁንም አለ?»

«አለ ጋሼ።»

«ውሰደኝ። በእናንተ ዓይን አልታለልም፤ በራሴ ዓይን አየዋለሁ።»

ጎንደር ሆስፒታል ወረፋ ይዘን ተገፈፈላቸው። ፋሻው በተነሳ ጊዜ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት አደረጉ፤ ነርሷን አዩ፤ መስኮቱን አዩ፤ ከዚያ እኔን ትክ ብለው አዩኝ።

«ሲሳይ፣ አንተ አርጅተሃል» አሉኝ።

ነርሷ ሳቀች። እኔ መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ።

ደባርቅ ስንገባ ቤት እንኳ አልገቡም። መጽሐፉን ወደ ፀሐይ አስወጡኝ። ገጹን ገለጥኩላቸው። ጎንበስ ብለው፣ ያኔ ለሾፌሮቹ እንደሚያስተምሩት፣ መጀመሪያ መኪናውን ተመለከቱ፣ ቀጥለው መንገዱን፣ በመጨረሻ እግሩን። ብዙ ቆዩ። እትዬ በላይነሽ በር ላይ ቆመው ያማትባሉ።

«የጎማ ጫማ ነው» አሉ ጋሽ ይርጋ። «የግራው ማሰሪያ በሽቦ ታስሯል። አያችሁ?»

አየን። ቀጭን ሽቦ ሁለት ጊዜ ተጠምዞ ይታያል። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ገጹን ሳይ ልብ አላልኩትም።

«ከአክሱም ስንወጣ ተበጥሶብኝ እኔ ነኝ ያሰርኩት። ከሥር ሆኜ ስሠራ ጣሊያኑ አንድ ጊዜ አንስቶኛል ማለት ነው። ከዚያ ና ውጣ ብሎ አቁሞ አነሳኝ። እኔ የቆምኩትን ብቻ ነው የማስታውሰው።» ከዚያ ሳቁ፤ በዚህ ጉዳይ ሲስቁ እንደዚያ ረጅም ሳቅ ሰምቼ አላውቅም። «ነጩ ሸሚዝ የሾፌሩ ነበር፤ ለፎቶው አውሶኝ ነው። እግሩ ግን የራሴ ነው። ፎቶ አንሺው አውቆ ነው የመረጠው።»

ጠጅ ቤቱ ግማሹ አመነ፣ ግማሹ አላመነም። ጋሽ ይርጋ ከዚያ ወዲያ ማስረዳት ተዉ። በአዲሱ ዓይናቸው ሌላ ሥራ ያዙ፤ እኔ የገጠምኩትን ሁሉ እየዞሩ ማየት። «ይህን ቡሎን እንዲህ አጣምመህ ነው ስትሠራ የኖርከው? እኔ ሳላይ ነው?» ይሉኛል። ጎሚስታውን ተቆጡ፤ በያጁን አስደገሙት። ጋራዡ እንደዚያ ጊዜ ተስተካክሎ አያውቅም። ሊማሊሞ ላይ አዲሱ መንገድ ሲሠራ ይዘውኝ እየሄዱ ማሽኖቹን ቆመው ይመለከቱ ነበር። እንዲህ እያዩ ብዙ ዓመት ኖሩ። ያረፉት ዘመዶቻቸው ተሰብስበው፣ ንስሐ አባታቸው አጠገባቸው ተቀምጠው፣ በሰላም ነው። ሁለቱን ጥራዞች ግን ከዚያ ቀደም ብለው በሕይወት ሳሉ ሰጥተውኛል፤ «አንድ ቤት ይኑሩ» ብለው።

ሄልጋ የመጽሐፏን ነገር ከሙላት ሰምታ ሌላ ቅጂ ልትልክልኝ ፈልጋ ነበር። ለራሷ ከያዘችው በቀር አንድም አልተረፈም። ይህን ስሰማ አልተቆጨሁም። ወይዘሮ ሰብለ መጽሐፉን በጥንቃቄ እንደያዙልኝ አውቃለሁ።

አሁን ጋራዡን ለሌሎች አስረክቤ፣ አንዱን ክፍል ለመጽሐፎቹ አስቀርቻለሁ። ሾፌርም መካኒክም መጥቶ ያያል። ጀማሪ ሰብሳቢዎችም ከጎንደርና ከባሕር ዳር ይመጣሉ፤ ቁጥሩን፣ ፊርማውን፣ ሽፋኑን ይጠይቁኛል። የማውቀውን እነግራቸዋለሁ። ከዚያ በላይ የምለው አንድ ነገር ነው። ፎቶው ውስጥ ያለው ሰው በሕይወት ካለ፣ መጽሐፉን መጀመሪያ ለእሱ አሳዩት። ሳጥን ውስጥ መቆለፉ በኋላ ይደርሳል።